ሐዋሳ፦ ቋንቋቸውና ባህላቸው የተለየ አዲስ መጪዎችን አጥቢያችን በተግባር እንዴት ትቀበል?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን። ጥያቄው ሐዋሳ ውስጥ ስላለች አንዲት ወንጌላዊት አጥቢያ ነው። 300 ያህል ምእመን አላት፤ አምልኮውም ስብከቱም በአማርኛ ነው። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ስለማትርቅ በየእሑዱ አዳዲስ ሰዎች ይመጣሉ። አብዛኞቹ ለሥራ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጌዴኦ፣ ከሲዳማ ገጠር ወረዳዎች፣ ከሀዲያና ከከምባታ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው።

አቀባበል የምንለው ነገር አለን። አዳዲስ ሰዎች ይቆማሉ፣ ስማቸውንና የመጡበትን ይናገራሉ፣ ጉባኤው ያጨበጭባል፣ ከረሜላ ይታደላል። ግን ሦስተኛ እሑድ ላይ ብዙዎቹ የሉም። «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለውን ቃል እያነበብን ይህን ዝም ብሎ ማየት ከባድ ነው።

ምክር የምፈልገው በሦስት ነገር ነው። ቋንቋውን እንዴት እናድርገው? በወር አንድ ጊዜ ከአምልኮ በኋላ ማዕድ ለማዘጋጀት ታስቧል፤ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ጎረቤቶችም ይጠራሉ፤ ምን ይቅረብ? ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ የወላይትኛ አምልኮ ለብቻው እንክፈት እያሉ ነው። ይህስ መቀበል ነው ወይስ መለየት?

---

ደጅ ጠባቂ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ማስቆሙን አስቀሩት። አስተዳደጓ በታላላቆች ፊት ዝቅ ብሎ መቀመጥን ያስተማራት የ19 ዓመት ልጅ፣ አጥርታ በማትናገረው ቋንቋ 300 ሰው ፊት ስሟን መጥራት ፈተና ነው የሚሆንባት። እናንተ ክብር ሰጠናት ብላችሁ ታስባላችሁ፤ እሷ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ እንዳያስቆሟት ትቀራለች።

ሥራው ያለው በር ላይ ነው። አምልኮው 3 ሰዓት ላይ የሚጀመር ከሆነ 2፡30 ላይ ሁለት ሰው በሩ ላይ ይገኝ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ከሁለቱ አንዱ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚችል ይሁን፤ እሱ ካልተገኘ በዚያ ቋንቋ ሰላምታ ብቻ እንኳ በትክክል ይልመዱ። አነጋገሩን ግን ከቋንቋው ባለቤት ይማሩት፤ ተሳስተው የሚሉት ሰላምታ መሳቂያ ሊሆን ይችላል።

«ብሔርሽ ምንድን ነው?» አይጠየቅም፤ «ከየት ነሽ?» የሚለውም በመጀመሪያው ቀን ይቅር። በ2010 ሰኔና በ2011 ሐምሌ ሐዋሳና አካባቢዋ ያዩትን ከብሔር ጋር የተያያዘ ግጭት ከተማው አልረሳም። ለጠያቂው ተራ ወሬ ቢመስለውም በር ላይ ዘር መጠየቅ የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነው። ይልቅ «የት ሰፈር ነው የምትኖሪው?» እና «በየትኛው ቋንቋ ብንጸልይልሽ ደስ ይልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ የምትፈልጉትን መረጃ ይሰጣችኋል፤ ስጦታ ሆኖም ይደርሳታል።

ቀጥሎ መቀመጫው ነው። ፈረንጅ ሲገባ ፊት ወንበር ይለቀቅለታል፣ አስተርጓሚ ይሮጥለታል። ከገጠር የመጣችው ልጅ ግን ኋላ፣ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ትቀመጣለች። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የገሠጸው ይህንኑ ነው። አዲስ ሰው ከፊት ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ረድፍ፣ መሐል ላይ ይቀመጥ፤ አጠገቡም አብሮት ተቀምጦ መዝሙሩን የሚያሳየው አንድ ሰው ይኑር። መጀመሪያው ረድፍ ላይ ግን አይሁን፤ መቼ እንደሚቆም መቼ እንደሚቀመጥ የሚያየው ሰው ከፊቱ የለም።

መዝገቡ ላይ ስም እንደ ባለቤቱ አጠራር ይጻፍ። «ለአማርኛ እንዲመች» ብሎ ማስተካከል ነውር ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በሲዳማ ባህል ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም መጥራት ትሸሻለች፣ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ በሌላ ትተካለች። ቅጻችሁ የባልን ሙሉ ስም የሚጠይቅ ከሆነ ሰው ፊት አታስጨንቋት፤ ወረቀቱን ስጧትና ራሷ ትጻፈው፣ ወይም ባሏ ሲመጣ ይሙላው።

ስልክን በሚመለከት ጥብቅ ደንብ ያስፈልጋችኋል። የሴቶችን ቁጥር የሚይዙትም የሚደውሉትም ሴት አገልጋዮች ብቻ ይሁኑ። ቤተሰቧ ሩቅ የሆነች ልጅ ዘንድ ወንድ አገልጋይ ማታ ማታ «ለክትትል» ቢደውልላት፣ ልቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ማን ምን እንደፈለገ መለየት ይቸግራታል፤ ቁጥሯን ትዘጋለች። ልቡ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ እስከ ማክሰኞ ይደረግ፤ ከፈረቃዋ ስትወጣ፣ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን።

---

ትርጉም አገልግሎት

ስለ ቋንቋው ልመልስ። ምርጫችሁን የሚወስነው የሰሚው ብዛት ነው።

ሦስት ወይም አራት ሰው ከሆነ፣ አንድ ሰው ከኋላቸው ተቀምጦ በሹክሹክታ ይተርጉምላቸው። ከዚያ ሲበዙ ሹክሹክታው ንግግር ይሆንና አጠገብ ያለውን ይረብሻል፣ ጉባኤውም ዞር ዞር ማለት ይጀምራል።

ከመድረክ ሰባኪውም ተርጓሚውም እየተቀባበሉ የሚሄዱበት መንገድ ደግሞ ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል። የ40 ደቂቃ ስብከት 80 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ሰባኪው ወደ 20 ወይም 25 ደቂቃ ካላሳጠረ ሁለቱም ወገን ይደክማል፣ ከዚያም «ትርጉሙ ነው ያሰለቸን» ይባላል። ሰባኪው ሐሳቡን ጨርሶ ይቁም፤ በአንድ ትንፋሽ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥ። ሐሳቡን መሐል ላይ እየቆረጠ ቢያቀብል፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ተርጓሚው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ እንዲጀምር ይገደዳል።

ሰሚው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ ያላቸው አነስተኛ ማስተላለፊያዎች ጥሩ ናቸው፤ አስጎብኚዎች የሚጠቀሙባቸው ዓይነት። ገንዘቡ ከሌለ ከድምፅ ማደባለቂያው ገመድ ስቦ በጎን ክፍል ውስጥ መተርጎም ይቻላል። ይህን ግን ለጊዜው ብቻ ተጠቀሙበት፤ ሰዎቹን ከጉባኤው ፊት ይለያቸዋል። እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲተረጎም ሁለት ተርጓሚ በየ20 ደቂቃው ይቀያየር። አንድ ሰው ብቻውን ከቀጠለ ጥራቱ ይወርዳል፤ መጀመሪያ የሚዘለው ጥቅስና ቁጥር ነው።

የስብከቱ ዋና ሐሳብና ጥቅሶቹ እስከ ሐሙስ ለተርጓሚው ይድረሱት። ጥቅሱን በቃሉ እንዲተረጉም አታስገድዱት፤ በቋንቋው የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቶ ያንብብ።

ብዙ አጥቢያ የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ስብከት ይተረጎማል፣ ማስታወቂያ ግን አይተረጎምም። ሰርግ፣ ለቅሶ፣ የሴቶች ጸሎት፣ የሕመም ጥየቃ የሚነገረው ማስታወቂያ ላይ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ትምህርቱን ሰምቶ ከኑሮው ውጭ ይቀራል። ጊዜ ካጠረ ስብከቱን ቆርጣችሁ ማስታወቂያውን አስተርጉሙ።

ተርጓሚዋንም አትርሷት። ሁለት ቋንቋ የምትችል አንዲት ልጅ ትገኝና በየእሑዱ ይጫንባታል፤ ሌላውን ስትመግብ ራሷ ሳትመገብ ዓመት ያልፋል። በወር ሁለት እሑድ ቢበዛ ይበቃታል።

ጸሎትና መዝሙር ሁልጊዜ መተርጎም የለባቸውም። አንድ ሰው በጋሞኛ ይጸልይ፣ ጉባኤው አሜን ይበል፣ ሲያበቃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለ ምን እንደጸለየ ይነገር። በደቡቡ የሚዘመሩት አውጪና ተቀባይ ያላቸው መዝሙሮች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ተቀባዩ አጭር ስለሆነ አማርኛ ተናጋሪው በሦስተኛው ዙር ይቀበላል። በየሳምንቱ አንድ ይበቃል፤ ግን በየሳምንቱ ይሁን። በዓል ሲመጣ ብቻ ባህል ልብስ ለብሰው እንዲዘምሩ ማድረግ ትርኢት ነው።

---

የማዕድ አስተባባሪ

እህት ወንድሞች፣ ማዕዱ ላይ አንድ ነገር ከያዛችሁ ሌላው ይቀላል፤ ሁሉም የሚበላው አንድ ገበታ የጾም ገበታ ነው። ሥጋ ካቀረባችሁ ማን አረደው የሚለው ይመጣል፤ ሙስሊሙ የክርስቲያን እርድ አይበላም፣ ብዙ ኦርቶዶክሳውያንም የሙስሊም እርድ አይበሉም። በሁለት ትሪ ለይተን እናቅርብ ካላችሁ ደግሞ ገበታው ለሁለት ተከፈለ። ጳውሎስ በሮሜ 14 መብል የወንድም መሰናክል አይሁን ሲል የተናገረው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። እኛ የመብላት ነፃነት አለን ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የጠራችሁት ሰው ጦሙን ተቀምጦ እያያችሁ የሚከበር ነፃነት አይደለም።

ለ60 ሰው ግምቱ ይህን ያህል ነው፦ እንጀራ ከ110 እስከ 120፣ የሽሮ ዱቄት 3 ኪሎ፣ ምስር ክክ 3 ኪሎ፣ ጎመን 8 ኪሎ (ሲበስል በጣም ይቀንሳል)፣ ሽንኩርት 7 ኪሎ፣ ዘይት 3 ሊትር፣ የተጋገረ ቆጮ 6 ኪሎ። ቡና ሁለት ዙር እንዲዳረስ 1 ኪሎ። ዳጣ በትንንሽ ሳህን ለብቻው ይቅረብ፤ የሚያቃጥለው ሰው አለ፣ ያለ እሱ የማይጥመውም አለ።

ቅቤ ሳይታይ ይገባል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሲዳማው ቡርሳሜ በቅቤ የሚሠራ ነው፣ ለጾመኛ አይሆንም። ካቀረባችሁት ለብቻው፣ በራሱ ማንኪያ፣ ቅቤ እንዳለው ተነግሮ ይሁን። ቆጮውን የሚጋግረው ሰው ምጣዱን በቅቤ እንዳያሰስ አስቀድማችሁ ንገሩት። ዓሣ ደግሞ ሐይቁ ደጃችን ስለሆነ በቀላሉ ይታሰባል፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ኦርቶዶክሳውያን ራሳቸው ስለማይስማሙ ያንን ክርክር ወደ ገበታ አታምጡት።

አቀማመጡን ለዕድል አትተዉት። ሰው የሚያውቀውን ይከተላል፤ ወላይታው ከወላይታ፣ የቢሮው ሰው ከቢሮ ሰው ይቀመጣል። በአንድ ትሪ አምስት ወይም ስድስት ሰው አድርጉ፤ ቋንቋ የሚጋሩ ሁለት አዲስ ሰዎች አብረው ይሁኑ፣ የቀሩት ነባር ይሁኑ። አዲስ ሰው ብቻውን ከአምስት ነባር ጋር ከተቀመጠ አጎንብሶ በልቶ ይነሣል።

ማዕዱ ላይ ስብከት አይኑር። ከመብል በፊት እንደምትጸልዩ ለሙስሊም ጎረቤቶች ስትጠሯቸው ንገሯቸው፤ ይህን ያከብራሉ። በልተው ሲጨርሱ በሩ ተዘግቶ ትምህርት ቢጀመር ግን ምግቡ ወጥመድ ነበር ብለው ይሄዳሉ፣ እውነታቸውንም ነው።

ወጥ ቤቱንም ተመልከቱ። አዲስ የመጡት ልጆች በሁለተኛው ወር ዕቃ አጣቢ ሆነው ከተገኙ አቀባበሉ ተበላሽቷል። በሦስተኛው ወር ምን እንደሚበሰል የሚወስኑት እነሱ ይሁኑ፤ ገንዘቡ በእጃቸው ይሰጥ፣ ነባሮቹ ሽንኩርት ይክተፉ። እሑድ የልብስ ማጠቢያቸው፣ የገበያቸውና ወደ ቤት የሚደውሉበት ቀናቸው ስለሆነ ሁሉም ነገር እስከ 8 ሰዓት ይለቅ። ማታ የሚደረግ ፕሮግራም ካለ ከ11፡30 አይለፍ፤ ወደ ኪራይ ቤታቸው በጨለማ መሄድ አደጋ አለው።

---

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ማስታወቂያውን ስለመተርጎም ማንም አላሰበም ነበር። የወላይትኛ አምልኮው ጉዳይ ግን ገና ነው። ሽማግሌዎቹ የሚሉት «በቋንቋቸው ይጽናኑ» ነው፤ ሐሳባቸው መልካም ነው። ክፉ ጎን ካለው አሁኑኑ ብናውቀው ይሻላል።

---

የእድር ጸሐፊ

በቋንቋ ማምለክ መብት ነው፤ ማንም በሚገባው ቋንቋ እግዚአብሔርን ቢያመሰግን ክፋት የለውም። ግን አስቀድማችሁ ይህን መልሱ፦ የከሰዓቱ አምልኮ ሽማግሌ ይኖረዋል? መባው በማን እጅ ይገባል? ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው? አዳራሹ ለሰርግ ሲፈለግ የሚሰረዘው የማን አምልኮ ነው? መልሱ ሁልጊዜ «የከሰዓቱ» ከሆነ የከፈታችሁት የእንግዳ ማረፊያ ነው።

በሐዋርያት ሥራ 6 የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለት እርዳታ ተዘነጉ ተብሎ ሲንጎራጎር፣ ሐዋርያት «እናስብበታለን» ብለው አልሸኟቸውም፣ ጉባኤውንም አልከፈሉትም። ሰባት ሰዎች ተመረጡና የማዕዱ ሥራ በእጃቸው ተሰጠ። የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። ቅሬታው የመጣበት ወገን መፍትሔውን እንዲይዝ ተደረገ ማለት ነው። በምዕራፍ 13 ያለችው የአንጾኪያ አጥቢያም የቆጵሮሱን በርናባስን፣ ኔጌር የተባለውን ስምዖንን፣ የቀሬናውን ሉክዮስን፣ ከሄሮድስ ጋር ያደገውን ምናሔንና ሳውልን በአንድ የአገልጋይነት መደብ አስቀምጣለች። የእናንተን የሽማግሌዎች ጉባኤ ስም ዝርዝር ከዚህ አጠገብ አስቀምጡትና እዩት።

ለወላይታ ምእመናንም ወንጌል አዲስ አይደለም። ሚስዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1928 መጥተው በጣልያን ወረራ ምክንያት በ1937 ሲወጡ የተጠመቀው ሰው 48 ብቻ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገሬው ሰዎች አገልግሎት ወደ 10,000 ደረሰ። ከዚያ የወላይታ ወንጌላውያን ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሌሎች ሕዝቦች ሄደው፣ በሰው አገር ቋንቋና ምግብ ኖረው አገለገሉ። እንግዳ ሆኖ መኖርንም እንግዳ መቀበልንም የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ስለዚህ እነዚህን ልጆች ለማስተማር ብቻ አትቅረቧቸው፤ የአቀባበል ቡድኑ ውስጥ አስገቧቸው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። አንድ ሰው ከተማው ውስጥ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚያውቀው በለቅሶ ቀን ነው። ከአገሩ ርቆ በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ትልቁ ፍርሃቱ «ብሞት ማን ያነሣኛል? ማንስ አገሬ ያደርሰኛል?» የሚለው ነው። የአጥቢያው እድር መመዝገቢያ ለነባር ሰው የተሠራ ነው፤ ዕድርተኛው ዓመት በዓመት የከፈለውን ያህል አዲስ ሰው በአንዴ እንዲከፍል ይጠየቃል። ይህን የፋብሪካ ደመወዝተኛ አይችለውም። መግቢያው ለ12 ወር ይከፋፈል፣ ከሦስተኛው ክፍያ በኋላ ሙሉ መብት ይኑረው። አስከሬን ወደ ትውልድ ቦታ ማድረስ በደንቡ በግልጽ ይጻፍ፤ የመኪናው ወጪ እስከ ምን ያህል እንደሚሸፈን ጭምር። ይህ ሳይጻፍ ሞት ከደረሰ ሌሊት ላይ ስብሰባና ክርክር ይሆናል።

አባቷ ወይም እናቷ አገር ቤት የሞተባት ልጅም አለች። ብዙ ጊዜ መርዶው በስልክ፣ ሥራ ላይ እያለች ይደርሳታል። ቢያንስ ሁለት ሴቶች በዚያው ቀን ይድረሱላት፣ የመጓጓዣ ገንዘብ በእጇ ይስጧት፣ መነኸሪያ ድረስ ይሸኟት። ርቀቱ የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ ሦስት ወይም አራት ሰው አብሮ ሄዶ ለቅሶ ይድረስ። ከሐዋሳ ሰው መጣ መባሉ ለቤተሰቡ ምን እንደሆነ የደቡብ ሰው ያውቀዋል። የአለቅቃቀሱን ሥርዓት ግን አስቀድማችሁ ከአገሩ ሰው ጠይቁ፤ ከየትኛው በኩል እንደሚገባ፣ ወንድና ሴት የት እንደሚቆም፣ ምን ይዞ እንደሚኬድ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

---

ሰንበት ተማሪ

ሰላመ እግዚአብሔር አይለየን። ከኦርቶዶክስ ወገን ነኝ፤ ጥያቄው የኛም ስለሆነ ጥቂት ልጨምር። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣውን እንግዳ ሐዋሳ ታስተናግዳለች። የበዓሉን እንግዳ እግሩን አጥበን እንሸኛለን፤ ሊኖር የመጣውን ግን ማንም ልብ ሳይለው አስቀድሶ ይመለሳል።

በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚፈታው የንስሐ አባት ጉዳይ ነው። አዲስ መጪው በሚናገረው ቋንቋ ኑዛዜ የሚቀበል ካህን በየትኛው ደብር እንዳለ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አጣርቶ ይወቅ፤ ሌላ ደብር ቢሆንም ይምራው። ኑዛዜ በአስተርጓሚ አይሆንም፤ የሚናዘዘው ነገር በሦስተኛ ሰው ጆሮ ማለፍ የለበትም። ሁለተኛ፣ በሰበካ ጉባኤ ይመዝገብ። የንስሐ አባት የሌለው፣ በሰበካ ጉባኤም ያልተመዘገበ ሰው በሞተ ቀን ቤተሰቡ ይጉላላል። ሦስተኛ፣ ሰንበቴና ማኅበር ውስጥ ይግባ፤ የመጀመሪያው ተራ ግን አይድረሰው። ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ማኅበርተኛ መጋበዝ በአንድ ክፍል ለሚኖር ሰው ከባድ ነው፤ ከአንድ ነባር ማኅበርተኛ ጋር ተዳብሎ ያውጣ።

የማዕድ አስተባባሪው ስለ ጾም የጻፉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው፣ ማዕዳችሁ ፍልሰታ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ ኦርቶዶክሳዊው ጎረቤት ምግቡ የጾም ቢሆንም ከቅዳሴ በፊት አይበላም። ሰዓቱን ከቅዳሴ መውጫ በኋላ አድርጉት።

---

ትርጉም አገልግሎት

የእድር ጸሐፊው ስለ ከሰዓቱ አምልኮ የጻፉትን እቀበላለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ግን እለያለሁ። ጥያቄዎቹ ሁሉ እስኪመለሱ አትጠብቁ፤ ሲጠበቅ ዓመት ያልፋል፣ ልጆቹም ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። በወር አንድ ጊዜ ጀምሩት፣ የቀሩትን እሑዶች በትርጉም አብራችሁ ሁኑ። የጌታ እራት ግን ሁልጊዜ በአንድ ላይ ይሁን። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ማዕድ ወደ ኋላ ባለ ጊዜ ጳውሎስ በግልጥ የተቃወመው ማዕድ ሲለያይ ወንጌሉ ራሱ ስለሚነካ ነው።

ስለ ስክሪኑም ልበል፣ በሥራ ላይ ችግር የሚፈጥር ነገር ነው። በወላይትኛና በሲዳምኛ ትምህርት ቤት የተማሩ ወጣቶች ቋንቋቸውን የሚያነቡት በላቲን ፊደል ነው፤ ከእነሱ በፊት የነበሩት ደግሞ በግእዝ ፊደል የታተመውን ለምደዋል። መዝሙሩን በአንዱ ብቻ ካወጣችሁት ግማሹ ሰው የገዛ ቋንቋውን ማንበብ ያቅተዋል። ሁለቱን በላይና በታች አድርጉት፤ በአንድ ገጽ ከአራት መስመር አይብለጥ፣ ፊደሉ ከመጨረሻው ወንበር ይነበብ። ጽሑፉን ከእሑድ በፊት የቋንቋው ተናጋሪ ይየው። በላቲኑ አጻጻፍ ድምፅ የሚጠብቀውና የሚረዝመው ፊደል በመደጋገም ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሲተይበው አንዱን ፊደል ይጥልና ቃሉ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በቋንቋቸው በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ቅዱስ ስላለ፣ በር ላይ ያለችው አገልጋይ በሚሞሪ ካርድ ይዛ ትገኝና ስልካቸው ላይ ትጫንላቸው።